አሮጌ ሞተር ቢስክሌት ስለ መግዛትና ስለ ቤተ ሰብ ምክር

ሰው ለቤቱ ከሚገዛው ዕቃ ሁሉ ያገለገለ ዕቃን ያህል ማስተዋል የሚጠይቅ የለም። ለአዲስ ዕቃ የሠራው ፋብሪካ ይመሰክርለታል፤ ቢሰበርም የሚመልሱበት ቦታ አለ። ያገለገለ ዕቃ ግን ምስክሩ የቀድሞው ባለቤት ነው፤ እርሱም ሻጭ ስለ ሆነ ምስክርነቱን በጥንቃቄ መስማት ይገባል። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ስለ ነበር በቅሎ ለመግዛት ወደ ገበያ ሲወጡ በኮርቻዋና በልጓሟ ጌጥ አይታለሉም ነበር። ጥርሷን ገልጠው ዕድሜዋን ይመረምራሉ፥ ጀርባዋን ዳብሰው ገጣባ መኖሩንና አለመኖሩን ያውቃሉ፥ ሰኰናዋን አንሥተው ያያሉ፥ አስኪደውም አረማመዷን ይመለከታሉ፤ በመጨረሻም ሻጩን «ዋስ ጥራ» ይሉታል። ዕቃው ቢለወጥ ይህ ጥበብ አይለወጥም።

የተወደዳችሁ አንባቢዎች፥ ስለ አሮጌ ሞተር ቢስክሌት በቤተ ሰብ ገጽ ላይ መጻፋችን ምናልባት ያስገርማችሁ ይሆናል። ሞተር ቢስክሌት የጐልማሳ መጫወቻ ነው፥ ከቤት አያያዝና ከልጅ አስተዳደግ ጋራ ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖራል። ነገር ግን አባት በሚቀመጥበት ኮርቻ ላይ እናትና ልጆች በሐሳብ አብረው ይቀመጡበታል፤ እርሱ በመንገድ ላይ ሳለ እነርሱ በቤት ሆነው ሰዓት ይቈጥራሉ። ገንዘቡም ከአንድ ሰው ኪስ የወጣ ይምሰል እንጂ የቤቱ ሁሉ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በምንኖርበት በበርሊን ከተማ ከኀምሳ ዓመት በፊት የተሠራ አንድ ሞተር ቢስክሌት ለመግዛት ባሰብን ጊዜ ያየነውን፥ ይልቁንም ከባለቤታችን ጋራ የተመካከርነውን፥ ለሌላው ቤት ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እንጽፈዋለን። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንናገር። ቢ ኤም ደብሊው የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ የመጀመሪያውን ሞተር ቢስክሌት ያወጣው በ1923 ነው። ስሙ አር 32 ሲሆን ያሰናዳው ማክስ ፍሪጽ የተባለው መሐንዲስ ነበር። ሞተሩ 494 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር፥ ኀይሉም 8.5 የፈረስ ጕልበት ብቻ ነበረ። ነገር ግን በዚያ ትንሽ መሣሪያ ላይ የፋብሪካው መታወቂያ ሆነው የቀሩ ሁለት ነገሮች ተገኙ። አንደኛው ሁለቱ ሲሊንደሮች እንደ ሰው ክንድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዘርግተው ነፋስ እንዲያበርዳቸው መደረጉ ነው። ሁለተኛው ኀይሉ ወደ ኋላው መንኰራኵር የሚተላለፈው በካቴና ሳይሆን በብረት ዘንግ መሆኑ ነው። ካቴና በአቧራና በዝናብ ይበላል፥ ይረዝማል፥ ዘወትርም ዘይት ይፈልጋል፤ ዘንጉ ግን ብዙ ዘመን ያገለግላል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቃል።

እኛ የፈለግነው አር 60/5 የሚባለውን ነበር። ፋብሪካው በ1969 የሞተር ቢስክሌት ሥራውን ከሙኒክ ወደ በርሊን አዛውሮ ሽፓንዳው በሚባለው ሰፈር ባቋቋመ ጊዜ፥ ሃንስ ጕንተር ፎን ዴር ማርቪትስ በተባሉት መሐንዲስ መሪነት የተሰናዱ ሦስት አዳዲስ ዐይነቶች ወጡ። ታናሹ አር 50/5 ሲሆን 32 የፈረስ ጕልበት አለው። ታላቁ አር 75/5 ሲሆን 50 የፈረስ ጕልበት አለው። መካከለኛው አር 60/5 ነው፤ ሞተሩ 599 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር፥ ኀይሉም 40 የፈረስ ጕልበት ነው። እስከ 1973 ድረስ ከሦስቱ ዐይነቶች በጠቅላላው 68,956 ሲሠሩ፥ ከእነዚህ ውስጥ 22,721ዱ አር 60/5 ነበሩ። ስለዚህ የመለዋወጫ ዕቃ ዛሬም አይታጣም፤ አሮጌ መሣሪያ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው።

መካከለኛውን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ታናሹ ሁለት ሰውና ጓዝ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ይደክማል። ታላቁ ደግሞ ለፍጥነት የሚፈልጉት ነው፤ እኛ ግን ፍጥነት አልፈለግንም። መካከለኛው ቤንዚን ሲሞላ 210 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፥ ዕድሜው የገፋ ሰውም ቢሆን ዘዴውን ካወቀ ይችለዋል። ትልቁ የቤንዚን ማጠራቀሚያው 24 ሊትር ይይዛል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ያህል ስለሚፈጅ ሳይሞላ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሌላም ነገር አሰብን። ሴት ልጃችን 16 ዓመቷ ነው፤ የአባትዋን ነገር ሁሉ በዐይንዋ ትከተላለች። በአውሮፓ ሕግ 18 ዓመት የሞላው ወጣት በመካከለኛው መንጃ ፈቃድ ሊነዳ የሚችለው ከ35 ኪሎ ዋት የማይበልጠውን ነው። የታላቁ ኀይል ወደ 37 ኪሎ ዋት ስለሚደርስ ከሕጉ ይወጣል፤ የመካከለኛው 29 ኪሎ ዋት ያህል ስለ ሆነ በሕጉ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ልጃችን «እኔስ?» ማለትዋ የማይቀር ነውና ይህንንም አስቀድሞ ማሰብ ተገቢ ነበር።

ይህን ሁሉ አጥንተን ለባለቤታችን በነገርናት ጊዜ ግን መልስዋ አንድ ቃል ነበር፤ «አይሆንም» አለች። ምክንያቱን እናውቀው ነበር። ታናሽ ወንድምዋ ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ በሞተር ቢስክሌት ሲሄድ ከጭነት መኪና ጋራ ተጋጭቶ በ24 ዓመቱ ዐርፏል። ያን ቀን የራስ ቁሩ በመሪው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር እንጂ በራሱ ላይ አልነበረም። የወንድምዋን ፎቶግራፍ በየቀኑ እያየች ለምትኖር ሴት ስለ ፈረስ ጕልበትና ስለ ሊትር መተረክ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ነገሩን ትተን አንድ ዓመት ያህል ዝም አልን።

ከዓመት በኋላ ነገሩን ያነሣችው ራስዋ ናት። አንድ የክረምት ማታ ቡና ከጠጣን በኋላ ወረቀትና እርሳስ አመጣችና እንዲህ አለች፤ «ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ የሚለቀኝም አይመስለኝም። ነገር ግን እኔ ስለ ፈራሁ ብቻ አንተ ምኞትህን በሆድህ ይዘህ ብትኖር፥ ወይም ከወዳጆችህ ተውሰህ ሳላውቅ ብትነዳ፥ ፍርሃቴ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ የምፈራውን ነገር ላየውና ልመረምረው እፈልጋለሁ።» ቀጥላም ሦስት ውል ጻፈች።

1ኛ፥ ከመሣሪያው ዋጋ አስቀድሞ የልብሱና የራስ ቁሩ ገንዘብ ይለይ። 2ኛ፥ ነጂው ማንም ያህል ቢያውቅ እንደ ተማሪ ሆኖ እንደ ገና ይማር። 3ኛ፥ መሣሪያው ሲመረመር እርስዋ ትገኝ፤ «ተው» ባለችም ጊዜ ምክንያት ሳይጠየቅ ይተው። ከውሉ በታች ሁለታችንም ፈረምን፤ ልጃችን ምስክር ሆነች።

በአራት ዓመት ያጠራቀምነው ገንዘብ 8,000 ዩሮ ነበር። በውሉ መሠረት ከዚህ ላይ 1,400 ዩሮ አስቀድመን ለልብስና ለትምህርት ለየን። መሣሪያው አሮጌ ቢሆን ነውር የለበትም፤ የራስ ቁር ግን አሮጌ መግዛት አይገባም። የራስ ቁር አንድ ጊዜ ከተመታ ውስጡ ያለው ምቱን የሚያበርድ ነገር ይጨፈለቃል፤ በውጭ ግን ምንም ምልክት አይታይበትም። ስለዚህ 22.06 የሚባለውን የአውሮፓ የደኅንነት ደንብ የሚያሟላ አዲስ ገዛን። ትከሻንና ክርንን የሚጠብቅ ካፖርት፥ የጕልበት መከላከያ ያለው ሱሪ፥ ጓንትና ቍርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦት ጫማም ተጨመረበት። ለትምህርቱም አንድ ሙሉ ቀን በተዘጋ ሜዳ ላይ ፍሬን ስንይዝና ስንለቅ ዋልን። ይህ ትምህርት ለአሮጌ መሣሪያ ከሌላው ይልቅ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2017 ጀምሮ ከ125 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ አዲስ ሞተር ቢስክሌት ሁሉ ጎማው ተቈልፎ እንዳይንሸራተት የሚከለክል መሣሪያ እንዲኖረው ታዟል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ግን ይህ የለውም፤ ፍሬኑም ከበሮ በሚመስል ብረት ውስጥ የተሸሸገ የጥንቱ ዐይነት ነው። ስለዚህ በዝናብ ቀን ነጂውን የሚያድነው የራሱ እጅ ትምህርት ነው።

ከዚህ በኋላ ፍለጋ ጀመርን። የመጀመሪያው መሣሪያ ከከተማው ወጣ ባለ ስፍራ ነበር። ባየነው ጊዜ ዐይናችን ተማረከ፤ ጥቍር ቀለሙ እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል፥ ብረቱ ሁሉ ተወልውሏል፥ ኮርቻውም አዲስ ነው። ዋጋው 4,600 ዩሮ ብቻ ነበር። ሻጩ ቍልፉን አስገብቶ ሞተሪኖውን ቢጫነው ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። እኛ ደስ ብሎን ሳለ ባለቤታችን ቀረብ ብላ የምጣድ ሙቀት እንደምትለካ ሴት መዳፍዋን በሲሊንደሩ ላይ ዘረጋች። «ይህ ሞተር አሁን ነው ወይስ ቅድም የተነሣው?» ብላ ጠየቀች። ሲሊንደሩ ገና ከመነሣቱ የጋለ ነበር። አሮጌ ሞተር ጤንነቱ የሚታወቀው በብርድ ሲነሣ ነው፤ የታመመው ሲሞቅ ሕመሙን ይሸሽጋልና። ገዢ ከመድረሱ በፊት ሞተር የሚያሞቅ ሻጭ ወይ ቸር ነው ወይ የሚሸሽገው ነገር አለ።

ቀጥለን ቍጥሩን ተመለከትን። በዚህ ዐይነት ላይ ከፋብሪካው ሲወጣ በቴላዮው ራስ ላይ በመሪው አጠገብ የተቀረጸው ቍጥርና በሞተሩ ግራ ጐን ከዘይት መለኪያው በላይ የተቀረጸው ቍጥር አንድ ነው። በዚህኛው ግን የሞተሩ ቍጥር ሌላ ነበር። ቍጥሩ ተለያየ ማለት ተሰረቀ ማለት አይደለም፤ ሞተሩ ተበላሽቶ በሌላ የተለወጠ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሻጩ ስለዚህ ነገር አስቀድሞ አልነገረንም። ብንጠይቀውም ስለ ቀለሙ መልካምነትና ስለ ኮርቻው ቆዳ ይነግረን ጀመር። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች እንደሚባለው ሆነ። ባለቤታችን «ተው» አለች፤ ተውነው። በመንገድ ላይ ስንመለስ ዋጋውን እያሰብን ልባችን ጥቂት ማመንታቱ አልቀረም፤ ሆኖም ውል ውል ነው።

ሁለተኛውን ያገኘነው ከሁለት ወር በኋላ በዚያው በሽፓንዳው ነው። ሻጩ 81 ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ ነበሩ። ጕልበታቸው ስለ ደከመ መሣሪያውን ማቆም ስላልቻሉ ሊሸጡት ተገደዋል። እኛ ልንመረምር ሄደን ሳለ መርማሪው እርሳቸው ሆኑ። «የሚነዳው ማን ነው? የሚያድረው የት ነው? ጣራ አለውን?» ብለው ጠየቁን። ከዚያም ወደ ባለቤታችን ዘወር ብለው «እርስዎስ ፈቅደዋልን?» አሏት። እርስዋም «ገና አልፈቀድሁም፤ ለማየት መጥቻለሁ» ብላ መለሰችላቸው። ሽማግሌው ሣቁና አንድ ወፍራም ደብተር አምጥተው በእኛ እጅ ሳይሆን በእርስዋ እጅ ሰጧት።

ደብተሩ የሚጀምረው መሣሪያውን ከመጀመሪያው ባለቤት ከገዙበት ከ1978 ነው። ዘይት የተለወጠበት ቀን፥ ጎማ የተገዛበት፥ ፍሬን የታደሰበት፥ ሁሉም በኪሎ ሜትሩ ተጽፏል። የመጨረሻው ቍጥር 118,000 ይል ነበር። በመካከሉ ከሟች ባለቤታቸው ጋራ በብሬነር መተላለፊያ የአልፕስን ተራራ እያቋረጡ ወደ ኢጣሊያ የሄዱባቸው ጕዞዎች ተመዝግበዋል። ከደብተሩ ጋራ የቀድሞውን የባለቤትነት ወረቀት፥ ምንም እንኳ ቢሠረዝ፥ ጠብቀው አኑረውት ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በጀርመን አገር ወረቀቱ በ2005 ከተለወጠ ወዲህ አዲሱ የሚመዘግበው የሁለት ባለቤቶችን ስም ብቻ ነውና፥ የመሣሪያውን ሙሉ ትውልድ የሚናገረው አሮጌው ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ብረቱ ተመለስን። ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። ሽማግሌው ቤንዚኑን ከፈቱ፥ የካርቡራተሩን የብርድ ማስነሻ ሳቡ፥ ሞተሩም ጥቂት አንገራግሮ ተነሣ። የዲናሞው ቀይ መብራት ሞተሩ ከፍ ሲል መጥፋት ይገባዋል፤ ጠፋ። ሁለቱን ቍጥሮች አነበብን፤ አንድ ናቸው። የመንኰራኵሩን ቀጫጭን ሽቦዎች በመፍቻ እየመታን ድምፃቸውን ሰማን፤ የላላው ከሌላው ተለይቶ ይደነቍራልና። መሣሪያውን በማቆሚያው ላይ አቁመን የፊቱንና የኋላውን መንኰራኵር በሁለት እጅ ይዘን ወደ ጐን ነቀነቅነው፤ አልተነቃነቀም። ኀይል የሚያስተላልፈው ዘንግ የተሸፈነበት የላስቲክ እጅጌ ደረቅ መሆኑን ዳሰስን። በጥርስ የሚገጣጠሙት የኋላው መንኰራኵርና የማርሽ ሳጥኑ ዘንጎች ግራስ ካላገኙ ጥርሳቸው ይበላል፤ ይህም ሳይፈታ የማይታይ ስለ ሆነ ደብተሩን ጠየቅነው፤ መቼ መቼ እንደ ተቀባ ተጽፎ አገኘነው።

ስለ ቤንዚኑም ጠየቅን። ይህ ሞተር የተሠራው ቤንዚን እርሳስ በሚቀላቀልበት ዘመን ነው፤ እርሳሱም የቫልቮቹን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ከ2000 ጀምሮ እንዲህ ያለ ቤንዚን መሸጥ ስለ ተከለከለ፥ የጥንቱ ለስላሳ መቀመጫ ያለው ሞተር በረጅምና ፈጣን ጕዞ ይጐዳል፤ የቫልቩም ክፍተት ቶሎ ቶሎ ይጠብባል። ሽማግሌው መቀመጫዎቹን በጠንካራ ብረት አስለውጠው ደረሰኙን ከደብተሩ ጋራ አያይዘውት ነበር።

ጉድለቱንም ሳንጠይቃቸው ነገሩን። ከሲሊንደሩ በታች ባሉት የላስቲክ መዝጊያዎች ዘይት ጥቂት ያልባል አሉን። ጎማዎቹም አርጅተዋል አሉ። በጎማው ጐን ያለውን አራት አሐዝ ስናነብ 2314 ይላል፤ ይህም በ2014 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። እኛ ያየነው በ2024 ስለ ነበረ፥ ጥርሱ ገና ሳያልቅ ላስቲኩ ዐሥር ዓመት ሞልቶታል፤ እንዲህ ያለ ጎማ ደርቆ በእርጥብ መንገድ ላይ ይከዳል። የመሣሪያውንም አመል አስረዱን። ይህ መሣሪያ በ1972 የተሠራ ነው፤ ፋብሪካው የኋላውን ክንድ በ5 ሳንቲ ሜትር ያስረዘመው በ1973 ወጥ በሆኑት ላይ ነው። ስለዚህ አጭሩ በኋላው ብዙ ጓዝ ተጭኖበት በብርቱ ሲነዳ ፊቱ ቀልሎ ይወዛወዛልና ከባዱን ዕቃ በመካከል አድርጉ ብለው መከሩን። ቍልፉንም አሳዩን፤ እርሱ በፋኖሱ ውስጥ የሚሰካ ምስማር የመሰለ ነገር ነው፤ የአንዱም ለሌላው ስለሚሆን በቍልፉ አትተማመኑ፥ ሰንሰለት ግዙ አሉን።

የጠየቁት ዋጋ 6,200 ዩሮ ነበር። እኛ የገበያ ልማድ የለመድን ሰዎች ነንና ጎማውን፥ ላስቲኩን፥ የመሣሪያውን ማርጀት እየቈጠርን ልንከራከር ስንዘጋጅ፥ ባለቤታችን በአማርኛ እንዲህ አለችን፤ «ጎማው ግድ ስለ ሆነ ዋጋውን ይቀንሱልን። ሌላውን ግን ራሳቸው ናቸው የነገሩን። ሰው እውነቱን ስለ ነገረን ብንቀጣው ነገ ለሌላው ይደብቃል።» ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አስበንበታል። ጉድለቱን የሸሸገ ሻጭ ሙሉ ዋጋ ሲቀበል፥ የገለጠው ሻጭ ግን በገለጠው ልክ የሚቀነስበት ከሆነ፥ ሻጩን ሐሰት የሚያስተምረው ገዢው ነው። ስለዚህ የሁለቱን ጎማ ዋጋ 300 ዩሮ ብቻ አስቀንሰን በ5,900 ዩሮ ተስማማን። ከመሣሪያው ከተመደበው ገንዘብ የቀረው 700 ዩሮ ለጥገና ተቀመጠ። ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ጨርሶ ለሻጭ ካስረከበ፥ መጀመሪያ የተሰበረው ዕቃ መሣሪያውን በግቢ ያስቀረዋልና።

ውሉ በሁለት ቅጅ ተጻፈ፤ በላዩም ቀኑ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱና ደቂቃው ሰፈረ፤ ከዚያ ደቂቃ በኋላ የሚደርሰው ነገር ሁሉ በገዢው እንዲቈጠር ነው። ስለ ሰሌዳውም አንድ ነገር እናስታውስ። በጀርመን አገር ከ1997 ጀምሮ 30 ዓመት ለሞላውና መልኩን ላልለወጠ መሣሪያ ኤች የሚል ፊደል ያለበት የቅርስ ሰሌዳ ይሰጣል። ብዙ ሰው ይህ ግብር ያቀልልኛል ብሎ ይቸኵላል። ለሞተር ቢስክሌት ግን የዚህ ሰሌዳ ግብር በዓመት 46.02 ዩሮ ነው። የተራው ሰሌዳ ግብር ደግሞ በየ25 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 1.84 ዩሮ ስለ ሆነ ለ599 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 44.16 ዩሮ ይሆናል። እንግዲህ ክብር ፈልጎ ካልሆነ በቀር በግብር በኩል ትርፍ የለውም፤ እኛም በተራው ሰሌዳ ቀረን።

ዛሬ መሣሪያው በቤታችን ነው። የቫልቮቹን ክፍተት የምንለካው ከልጃችን ጋራ ሆነን ነው፤ አየር የሚያስገባው 0.15፥ ጢስ የሚያስወጣው 0.20 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ስሱን የመለኪያ ብረት የምትይዘው እርስዋ ናት፤ ሥራውንም በደብተሩ ላይ ከሽማግሌው ጽሕፈት ቀጥላ ትጽፋለች። አሁን መንዳት ምን እንደ ሆነ ሳይሆን መጠበቅ ምን እንደ ሆነ እየተማረች ነው፤ ይህም ከመንዳት መቅደም የሚገባው ትምህርት ነው። ባለቤታችን ግን እስከ ዛሬ ከኋላው አልተቀመጠችም፤ እኛም አልለመንናትም። በወጣን ቍጥር መድረሻችንንና ሰዓቱን እንነግራታለን፥ በደረስንም ጊዜ ከሁሉ አስቀድመን እንደውልላታለን። ፍርሃትዋ አልጠፋም፤ ነገር ግን በስውር የሚደረግ ነገር ስለሌለ በፍርሃትዋ ላይ ጥርጣሬ አልተጨመረበትም።

እንግዲህ አሮጌ ሞተር ቢስክሌት፥ መኪናም ሆነ ሌላ መሣሪያ ለመግዛት የምታስቡ ወዳጆቻችን፥ የምትገዙት ብረቱን ብቻ አለመሆኑን አስተውሉ። የምትገዙት የቀድሞው ባለቤት ያደረገውን ትጋት ወይም ቸልታውን ነው፤ ይህም ከቀለሙ ይልቅ በደብተሩ፥ በወረቀቱና በንግግሩ ይታወቃል። ሞተሩን በብርድ አስነሡ፥ ቍጥሩን አንብቡ፥ ጉድለቱን የሚናገረውን ሻጭ አክብሩ፥ ለጥገና ገንዘብ አስቀሩ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በቤታችሁ ያለውን የሚፈራውን ሰው አታስገድዱት፥ አትሸሽጉትም፤ ይልቁንስ ወደ ሻጩ ደጅ ይዛችሁት ሂዱ። የወደደ ዐይን የማያየውን የፈራ ዐይን ያያልና።